በኋላው ወንበር ላይ ቆዳ ነበረ ወይስ ሱፍ?

ይድረስ ለእህቴ ለሙሪየል፣
ቲማሩ፣ ኒውዚላንድ።

ባለፈው ወር ሰባ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ደረጃውን መደገፊያ ሳልይዝ እወጣለሁ፤ የድንጋይ ከሰሉን ከግቢ ወደ ምድጃ ራሴ አመላልሳለሁ፤ ጢሜን ያለ መነጽር እላጫለሁ፤ ሾርባዬንም ራሴ እሠራለሁ፣ አያምርም ግን ይበላል። መኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ብሎን አጠብቃለሁ። መነሳቱ ነው ትንሽ የሚያቆየኝ፤ እሱንም ቢሆን ሰው ጠርቼ ተነስቼ አላውቅም። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺኝ፤ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ድንጋይ ካባ ውስጥ የዋለ እጅ ከዚህ በላይ አይጠየቅም።

እንደምን ሰነበትሽ እህት ዓለም? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ሌት ተቀን የሚያስነጥስሽ ነገርስ ለቀቀሽ? ባልሽ ጋርዝስ ልቡ እንዴት ሆነለት፣ ሐኪሙ የሚለውን ይሰማል ወይስ እንደ እኔ ነው? ልጅሽ ሎርናስ? ትንሿ ብራይዲስ ጥርሷ በቀለ? በጎቹስ ሳሩ ተረፋቸው? እናንተ ዘንድ በጋው ሊያልቅ ነው አሉ፤ እኛ ዘንድ ብርዱ ገና ከግድግዳው አልወጣም። እኔ ደኅና ነኝ። ሰውነቴ ደኅና ነው ማለቴ ነው። ጭንቅላቴ ግን ከእሁድ ወዲህ ዞሮብኛል። ቀኝና ግራዬን የማውቅ ሰው ነበርኩ፤ አሁን የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፍቶኛል።

ነገሩ መኪናዋ ናት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ ከአንቺ በቀር በዚህ ምድር ላይ የሚያውቀው ሰው የለም። ግን ከሥሩ ካልነገርኩሽ አንቺም እንደ እኔ ይዞርብሻል።

አንቺ ባሕር ከተሻገርሽ በኋላ የአባባ አሠሪ እመቤት ኮንስታንስ ሲሞቱ ያቺን ዌንዶቨር መኪናቸውን ለአባባ እንደተዉለት ያኔ ጽፌልሽ ነበር። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ለሰው የነዳትን መኪና የራሱ በሆነች ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አልነዳትም። ጎተራው ውስጥ አስገባት፣ በሩን ዘጋ፣ አለቀ። እሱ ሲያልፍ ዶሮዎቹ ወረሷት። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ኤኒድ «ያቺን የዶሮ ቤት ሽጥና እውነተኛ የዶሮ ቤት ሥራልኝ» ስትለኝ ኖረች። እኔም «ነገ» ስላት ኖርኩ። ኤኒድ ስትሞትብኝ ቤቱ ጸጥ አለ፤ የሚነዘንዘኝ ጠፋ፤ ያኔ ዶሮዎቹን አስወጥቼ ጎተራውን ገባሁበት።

ሙሪየል፣ ብታዪያት ታለቅሺ ነበር። ፓራፋንጎዎቹ በጣት ሲነኳቸው እንደ ብስኩት ይፈረፈራሉ። ከቆርቆሮው ሥር ያለው አጥንቷ እንጨት ነው፤ ነቀዝ ጨርሶት እንደ ወንፊት ሆኗል። አንደኛው የፊት መብራት ውስጥ ወፍ ፈልፍላበት ሄዳለች። ሞተሩ ተጣብቆ ድንጋይ ሆኗል። በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት እያፈሰስኩ፣ በየማለዳው በማስነሻው ብረት እየሞከርኩ፣ እንቢ ስትለኝ እየሰደብኳት ከረምኩ። አንድ ጠዋት አንድ ጣት ያህል ሸርተት አለችልኝ። ያን ቀን ዓይኔ ውስጥ ዝገት ገብቶብኝ ነበር፤ ሌላ ምንም አይደለም።

እንጨቱን ሲድ ራግ ሠራልኝ። ሲድን አትረሺውም፣ በልጅነታችን ከፖም ዛፍ ላይ የወደቀው፤ ዛሬ አናጢነቱን ትቶ ጡረታ ወጥቷል፣ ምላሱ ግን ገና ሥራ ላይ ናት። ቀለሙን እኔ በብሩሽ ቀባሁት። እየቀባሁ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ እየፈተግሁ፣ እንደገና እየቀባሁ፣ ፊቴን እንደ መስታወት እስኪያሳየኝ ድረስ። ፊቴ ያን ያህል የሚታይ ሆኖ አይደለም።

የኋላው ክፍል ግን ጉድ ነበር። ከወንበሩ የተረፈው የዛገ ሞላና የዶሮ ኩስ ብቻ ነው። ምን እንደነበረ የሚያሳይ ነገር የለም። እኔም አሰብኩ። ዛሬ ሀብታም የሚሳፈርበትን መኪና ሁሉ እዪው፤ ውስጡ ቆዳ ነው። የአባባ የፊት ወንበር ቆዳ ነው። የሹፌሩ ቆዳ ከሆነ የእመቤቲቱማ ከዚያ የሚበልጥ ቆዳ መሆን አለበት አልኩ። ይህ ስህተት ነው? አንቺ ብትሆኚ ሌላ ምን ታስቢ ነበር?

ከመንገዱ ማዶ ያለችው ቤሪል ሃላም ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ጓንት ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ ስትሰፋ የኖረች ናት። ክረምቱን ሙሉ ያን ቀይ ቆዳ ስትሰፋልኝ ከረመች። ጣቶቿ ተበሳስተው ሻይ ስትቀዳ ስኒውን በመዳፏ ነበር የምትይዘው። ሲያልቅ አየሁት፤ የንጉሥ ዙፋን ነው። ሰኔ ላይ ከሎርና ጋር ትመጫለሽ፤ ከኋላ አስቀምጬሽ በእመቤት ኮንስታንስ ትልቅ ግቢ በር አልፈን እማማና አባባ የተቀበሩበት ድረስ እወስድሻለሁ ብዬ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። የሹፌር ልጅ ከኋላ ተቀምጣ በዚያ በር ስታልፍ ትታይ ብዬ።

እሁድ ዕለት ሚስተር ፔቨረል የሚባል ሰው መጣ። እንዲህ ያሉ መኪናዎች ባለቤቶች ማኅበር አለ፤ የዚያ ማኅበር አዋቂያቸው ነው አሉ። ዌንዶቨሮች ፋብሪካቸው ከጦርነቱ በፊት ስለተዘጋ እንደ እኛዋ ያለች በጣት የምትቆጠር ናት፤ አይቶ ሊመሰክርላት ነው የመጣው። ሲድና ቤሪልም ቆመዋል፤ ቤሪል የእሁድ ካፖርቷን ለብሳለች።

ሰውዬው ዙሪያዋን ዞረ። ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሩን አዳመጠና «እንዲህ በሹክሹክታ የምትሠራ ሰምቼ አላውቅም» አለኝ። ደረቴ ተነፋ። ከዚያ የሹፌሩን በር ከፍቶ የአባባን ወንበር ሲያይ ቆቡን አወለቀ። እውነቴን ነው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ቆቡን አውልቆ ግንቡ ላይ አኖረ። «አደራዎን፣ ይህን እንዳይነኩት። ከፋብሪካው እንደወጣ የቆየ ነው፤ ከመኪናዋ ሁሉ ትልቁ ሀብት ይህ ነው» አለኝ። የቱ? ያ ተሰነጣጥቆ መሃሉ የጎደጎደው! እኔ ያልነካሁት እጄ ስላልደረሰ ነው፤ ሲድማ አውጥቼ ልጣለው ሲል ነበር። እዚያ ላይ ጭንቅላቴ መዞር ጀመረ።

ቀጥሎ የኋላውን በር ከፈተ። ቆዳውን በጣቱ ዳሰሰ። ቤሪል ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። በመጨረሻ «ሚስተር ተኒክሊፍ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሹፌሩን ከኋላ አስቀመጡት እኮ።»

«ምን ማለትዎ ነው?» አልኩት።

እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ከፊት ጣራ የላትም፤ ዝናብ ሲበረታ የሚዘረጋ ሸራ ብቻ ነው ያላት። ስለዚህ ለሹፌሩ ቆዳ ተደረገለት፤ ቆዳ እንደ ኮርቻ ነው፣ ቢረጥብ በጨርቅ ይወለወላል። ጌቶቹ ግን በመስታወት ተከልለው፣ ሳሎናቸው እንደተቀመጡ ሁሉ፣ በሱፍ ጨርቅ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ቆዳ ይበርዳል፣ ያንሸራትታል፤ በዚያ ዘመን የሹፌርና የጋሪ ነጂ መቀመጫ ነበር፤ እመቤት አትቀመጥበትም አለኝ።

ሲድ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ሆራስ! እመቤቲቱን ዝናብ ላይ አውጥተህ አባትህን ሳሎን አስገባኸው በለኛ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ቤሪል ደግሞ ወደ ሰውዬው ዞራ «ስማኝ አንተ ሰውዬ፣ ይህን ስፌት በአጉሊ መነጽር ብትፈልገው የተዛነፈ አታገኝበትም!» አለችው። እሱም ጎንበስ ብሎ «ስፌቱማ እንከን የለውም እመቤቴ፤ ቦታውን ነው የሳተው» አላት። ቤሪል ፊቷ እንደ ቆዳው ቀላ። ይህን ሳይ ደሜ ፈላ። አባቴ የነዳትን፣ እኔ በልጅነቴ ያጠብኳትን መኪና አንተ ነህ የምታስተምረኝ አልኩና ወደ በሩ ጠቆምኩት። ሄደ። ቆቡን ግንቡ ላይ ረስቶ ሄደ። እኔም ቆቡን አንስቼ ዶሮዎቹ መሃል ወረወርኩት።

ካወጣሁት በኋላ ነው የባሰ ግራ የገባኝ። ልብ ብዬ ሳስበው ስለ ኋላው ክፍል የማውቀው ነገር የለም። መንኮራኩሯን አጥቤያለሁ፣ መብራቷን ወልውያለሁ፣ የኋላዋን በር ግን ነክቼ አላውቅም። መጋረጃው ሁልጊዜ ወርዶ ነው። አባባ ያን በር የሚከፍተው ለእመቤቲቱ ብቻ ነበር፤ ሲዘጋው ያ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከኋላ ምን አለ ስንለው ምን እንደሚል ታስታውሻለሽ? «ከዚህች መኪና ምርጡ ወንበር የእኔ ነው» ይለን ነበር። ዝናቡ በማጅራቱ ገብቶ በእጅጌው እየወጣ፣ ምርጡ ወንበር የእኔ ነው። እኔ እስከ እሁድ ድረስ አምኜው ኖሬያለሁ። አሁን እውነቱን ነበር? ይቀልድ ነበር? ወይስ ወደ ኋላ እንዳንመለከት ብሎ ነው? ሙት አይጠየቅ። ያሳመርኩት ተበላሸ ይሉኛል፣ የተውኩት ሀብት ነው ይሉኛል፤ እኔ ምኑን ይዤ ምኑን ልልቀቅ?

የቀረሽው አንቺ ነሽ። ከእኛ ወገን በዚያ ወንበር ላይ ያረፈ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ያን የበረዶ ክረምት ጉሮሮሽ ተዘግቶ ከንፈርሽ ሲጠቁር፣ እመቤት ኮንስታንስ በቤት ጫማቸው በረዶ ላይ ወጥተው «ተኒክሊፍ፣ ከኋላ አስተኛት!» አሉ። አባባ «እመቤቴ፣ በሽታው ይተላለፋል፣ ወንበሩ ይበላሻል» ቢል «ወንበሩ ይቃጠል! ከኋላ አልኩህ!» ብለው ጮኹ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። አንቺ ስትገቢ አየሁ፣ የገባሽበትን ግን አላየሁም፤ በሩ ጠቅ አለ፣ ሄዳችሁ። ሆስፒታል አደረሱሽ፣ ተረፍሽ።

ኋላ ሳውዝሃምፕተን ወደብ መርከቡ ላይ ከመውጣትሽ በፊት ስለዚያ ቀን ስናወራ «ጉንጬን ይበላኝ ነበር» ያልሽኝ ይመስለኛል። ብለሽኛል ወይስ ከእሁድ ወዲህ እኔ ፈጥሬው ነው? ቆዳ ጉንጭ አይበላም። ቤሪልን ስጠይቃት «የታመመ ልጅ ምን ያስታውሳል? ብርድ ልብሱ ይሆናል የበላት» አለችኝ። ይህም እውነት ነው። ሲድ ደግሞ ሰኞ ዕለት ከወንበሩ የነቀልኳቸውን የድሮ ምስማሮች ቆርቆሮ ውስጥ ሲያገላብጥ ከአንዱ አናት ሥር የተወተፈ ሰማያዊ ክር አውጥቶ አሳየኝ። «የኤኒድ ሹራብ ይሆናል፤ ዶሮ ጎጆዋን ስትሠራ የማትጎትተው የለም» አልኩት። «ዶሮዋ ምስማርም መታችበት?» አለኝ። ዓይነ ስውር አናጢ ብዬ ሰደብኩት።

ማክሰኞ ብቻዬን ወደ ጎተራው ሄድኩ። የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁና ዘጋሁት። በዕድሜዬ መጀመሪያዬ ነው፤ ስሠራት እንኳ በጉልበቴ ተንበርክኬ እንጂ ተቀምጬ አላውቅም። ቆዳው በሱሪዬ አልፎ በረደኝ። ትንሽ ዘንበል ስል ወደፊት ተንሸራተትኩ፣ እግሬን ተክዬ ነው የቀረሁት። ከመስታወቱ ማዶ የአባባ ወንበር ይታያል፣ ጉድጓዱ፣ ጀርባው ያለቀበት ቦታ ሁሉ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የሹፌር ማጅራት ብቻ ነው። እመቤቲቱ ያን ሁሉ ዘመን ያዩት የአባባን ማጅራት ነው፤ እሱ ደግሞ የተቀመጡበትን ሲከፍት ሲዘጋ እያየ ለእኛ ለልጆቹ አንድ ቀን አልነገረንም። የተቆጣሁት በማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ተቆጥቼ ወጣሁ።

ከዚያ ለቤሪል መናገር ነበረብኝ። ቆዳውን ካነሳሁት ክረምቷን መናቄ ነው፤ ካላነሳሁት አንቺን በሐሰት ላይ ማስቀመጤ ነው። ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። «ከእሁድ ጀምሮ ስትወጣ ስትገባ እያየሁህ ነው» አለችኝ፣ «ያ ባለ ቆቡ ሰውዬ እውነቱን ነው አይደል?» «አላውቅም» አልኳት። «ኧረ! ሆራስ ተኒክሊፍ 'አላውቅም' ሲል ዛሬ ገና ሰማሁ። ግባና ቁጭ በል፣ ይህስ ሻይ ያስፈልገዋል» አለች። ቆዳው ሊነሳ ይችላል ስላት ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሳቀች እንጂ። «አንተ ግትር ሽማግሌ፣ የተሰፋ ይፈታል፣ የተፈታ ይሰፋል። እኔ ክረምቱን ሙሉ የሰፋሁት ለመኪናዋ ብዬ መሰለህ?» አለችኝ። ታዲያ ለማን ብላ እንደሰፋች አልነገረችኝም፤ ስጠይቃት ስኳር ጨምር አለችኝ። ይህም ግራ ገብቶኛል፤ አንቺ ሴት ስለሆንሽ ምናልባት ይገባሻል።

ትናንት ደግሞ ከሚስተር ፔቨረል ትንሽ እሽግ በፖስታ መጣ። የመዳፍ ያህል ግራጫ ሰማያዊ ሱፍ ጨርቅ ነው፤ ማንም ካልነካት ከሌላ ዌንዶቨር የተቆረጠ። ከጨርቁ ጋር «ቢያነጻጽሩበት ብዬ ነው፤ ቆቤን ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል» የምትል ቁራጭ ወረቀት ነበረች። እኔ ሰድቤ ያባረርኩት ሰው እንዲህ ሲያደርግ ምን ይባላል? ጨርቁን ከሲድ ክር ጎን አስቀመጥኩት። ቀለማቸው አንድ ነው ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን ዓይኔ ያየውን ያየ ይሁን ወይስ የተነገረውን፣ እሱንም ማመን ትቻለሁ።

ስለዚህ እንዲህ ወሰንኩ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር መልሱን በፖስታ ላኪልኝ ልልሽ ነበር፤ ይቅር። አሁን ሱፍ ሱፍ እያልኩ ጆሮሽን ሞልቼዋለሁ፤ ጭንቅላትሽ ያልነበረውን ማስታወስ ይጀምራል፤ የእኔ ጀምሯል። ጉንጭ ግን አይዋሽም። ቤሪል የወንበሩን ግማሽ እንደዚያ ባለ ሱፍ ትለብሰዋለች፤ ግማሹ ቀይ ቆዳ እንደሆነ ይቆያል። ሰኔ ላይ ስትመጪ ዓይንሽን በሻሽሽ እናስርና፣ እንደዚያን ቀን ተኝተሽ በዚህም በዚያም ጉንጭሽን ታሳርፊበታለሽ። «ይሄ ነው» ያልሽው ይሆናል። ማኅበሩ ሌላ ቢል ማኅበሩ በረዶ ላይ አልነበረም። ጉንጭሽም ከረሳ የሲድን ክር አምናለሁ፤ ለሲድ ግን እስከዚያ እንዳትነግሪው።

ጋርዝን ልቡን እንዲጠብቅ፣ ካልጠበቀ መጥቼ እንደምቆጣው ንገሪልኝ። ሎርናን ሳሚልኝ፤ ወፍራም ካፖርት ትያዝ፤ የፊቱ ወንበር ጣራ የለውም፣ እሷ እኔ አጠገብ ነች። ብራይዲን አጎትሽ ዶሮዎች አሉት በያት። በጎቹንም ውሻውንም እንዲሁ ሰላም በሉልኝ። ቤሪል ሰላም ብላሻለች፤ ሲድም፣ ከፖም ዛፉ የገፋሽው አንቺ እንደሆንሽ አሁንም ይላል።

አንቺ እስክትደርሺ የምከፍላቸው ዕዳዎች አሉብኝ፤ ሁሉንም ራሴ እከፍላለሁ፣ ማንም እንዳያግዘኝ። የሚስተር ፔቨረል ቆብ ላይ አንዷ ዶሮ ተቀምጣበታለች፤ ስትነሳ ቦርሼ በእጄ እወስድለታለሁ፣ እንቁላሉንም እጨምርለታለሁ፤ ይቅርታው ግን ጉንጭሽ ከመሰከረለት በኋላ ነው። ለሲድ፣ ኤኒድ ሰማያዊ ለብሳ እንደማታውቅ እነግረዋለሁ። ለቤሪል አንድ ክረምት አለብኝ፤ በምን እንደሚከፈል ገና አልገባኝም፣ ግን እከፍላለሁ። ለአባባ፣ ወንበሩን እንዳለ እተውለታለሁ፤ በጉድጓዱ ላይ ተቀምጬ እነዳለሁ፣ ቢዘንብም ሸራውን አልዘረጋም፣ ምርጡ ወንበር መሆን አለመሆኑን እኔም ልየው። ለአንቺ ደግሞ የኋላውን በር። ያን ቀን ተሸክመው አስገቡሽ፤ አሁን በእግርሽ ትገቢያለሽ፤ እኔ ቆቤን አውልቄ እከፍትልሻለሁ፣ እኔው ጠቅ አድርጌ እዘጋዋለሁ።

ወንድምሽ ሆራስ

ወርክስወርዝ፣ ደርቢሸር
መጋቢት 18 ቀን 1999